ጠዋት መነሳት ለተሳነው አዛውንት ውሻ በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

ጥያቄ፦ «ውሻችን ቦቢ የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ነው፤ 11 ዓመት አልፎታል። ከክረምቱ ወዲህ ጠዋት ከተኛበት ለመነሳት ብዙ ይታገላል፤ ከተነሳም በኋላ ጥቂት እስኪራመድ ድረስ የኋላ እግሮቹ እንደተገተሩ ይቆያሉ። ሳሎን ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል፤ ወደ በረንዳ የሚወስዱትን 3 ደረጃዎች መውጣትም ትቷል። ምግቡን ይበላል፤ ሰው ሲመጣ ይጮሃል። ጎረቤታችን ዳይክሎፌናክ ስጡት ይሉኛል፤ አሜሪካ ያለችው እህቴ የመገጣጠሚያ እንክብል ልላክለት ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ አርጅቷልና አታስጨንቂው ይላል። ምን ላድርግለት?»

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ዳይክሎፌናኩን አይስጡት። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህ ግን የማይዘገይ ጉዳይ በመሆኑ አስቀድሜዋለሁ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን ለሰው የተዘጋጁ ማስታገሻዎች ናቸው፤ የውሻ ጨጓራና ኩላሊት ደግሞ ከሰው ይልቅ በእነዚህ መድኃኒቶች በቀላሉ ይጎዳል። ለአንድ ጎልማሳ የወገብ ሕመም የሚታዘዝ መጠን የውሻን ጨጓራ አቁስሎ ሊያደማ፣ ኩላሊቱንም ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ምልክቶቹ ማስታወክ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ እንዲሁም ድካም ናቸው። ምናልባት አስቀድሞ የተሰጠው ፍሬ ካለ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደው የተሰጠውን መጠንና ሰዓት ይናገሩ። ፓራሲታሞልም ቢሆን በግምት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፣ ደሙም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ደግሞ ለእርሷ ግማሽ ፍሬ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ባለቤትዎ ቦቢን ላለማስጨነቅ ማሰባቸው ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ የገለጹት ነገር እርጅና ብቻ አይመስለኝም፤ ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ ይታከማል። ከእንቅልፍ ሲነሱ መገተርና ጥቂት ሲራመዱ መፍታታት ኦስቲኦአርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት የተለመደ መልክ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ ሸፍኖ እንዳይፋተጉ የሚያደርገው ካርቲሌጅ እየሳሳ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ በዙሪያውም ትርፍ አጥንት ይበቅላል። በጀርመን ሸፐርድ ዘር ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዳሌ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ዘር ውስጥ የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ ሳይገጥም ማደግ የተለመደ ነው፤ በወጣትነት ጊዜ ጠንካራ ጡንቻ ጉድለቱን ይሸፍነውና ጡንቻው ሲቀንስ ችግሩ ይገለጣል። ያመመው ውሻ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴው ሲቀንስ ጡንቻው ይመነምናል፤ ጡንቻው ሲመነምን መገጣጠሚያው ደጋፊ ያጣና ሕመሙ ይብሳል። በቤት ውስጥ የምናደርገው ማናቸውም ነገር ይህን አዙሪት ለመስበር ያለመ ነው።

ውሻ በእንዲህ ያለ ሕመም አይጮህም፤ ስለዚህም ባለቤቶች «አሞት ቢሆን ያለቅስ ነበር» ብለው ይታለላሉ። ሕመሙን የሚናገሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ አንድን መገጣጠሚያ ደጋግሞ መላስ፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ማንሳት፣ ክብደቱን ወደ ፊት እግሮቹ ጥሎ መቆም፣ ወገቡን ሲነኩት ዞር ብሎ ማየት ወይም ማጉረምረም፣ ከዚህ በፊት ይወዳቸው የነበሩ ልጆችን መሸሽ። ሁለቱን ጭኖቹን በሁለት እጆችዎ ይዘው ያነጻጽሩ፤ አንደኛው ከሌላው ከሳሳ ያንን እግሩን እያሳረፈው ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ግን ቦቢን ሳላየው ነው። የኋላ እግር ድክመት ሁሉ የመገጣጠሚያ ሕመም ባለመሆኑ ሐኪም በእጁ ሊመረምረው ይገባል። በተለይ በጀርመን ሸፐርድና በድቅሎቹ የሚታይ፣ ከ8 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚጀምር፣ ህብለ ሰረሰርን ቀስ በቀስ የሚያዳክም በሽታ አለ፤ ይህ በሽታ አያምም፣ ነገር ግን ውሻው እግሩ የት እንዳለ ማወቅ ያቅተዋል። አንድ ቀላል ነገር እርስዎም ማየት ይችላሉ፦ ቆሞ ሳለ ሆዱን ደግፈው የኋላ መዳፉን በመገልበጥ የላይኛው ገጽታው መሬት እንዲነካ ያድርጉ። ጤነኛ ነርቭ ያለው ውሻ ወዲያውኑ ያስተካክለዋል፤ ገልብጦት ከቆየ ወይም ሲራመድ እግሩን እየጎተተ የመካከለኛ ጣቶቹ ጥፍር ከላይ በኩል ከተፋቀ ጉዳዩ የነርቭ ነው። ህብለ ሰረሰርን ለሚያዳክመው ለዚያ በሽታ ፈውስ የለውም፤ ሆኖም ከዚህ በታች ስለ ወለል፣ ስለ መኝታና ስለ እንቅስቃሴ የምጽፈው ለእርሱም ይሠራል።

በአገራችን ሁኔታ ሌላም ሊታሰብ የሚገባ ነገር አለ። ውሾቻችን መዥገር አያጣቸውም፤ ቡናማው የውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የሚባል ተህዋስ ትኩሳት፣ ድካም፣ የድድ መገርጣት፣ አንዳንዴም የአፍንጫ መድማት ያመጣል፤ መገጣጠሚያንም ያሳምማል። ይህ በደም ምርመራ የሚታወቅና በዶክሲሳይክሊን የሚታከም በሽታ ስለሆነ እርጅና ነው ተብሎ ከታለፈ ትልቅ በደል ነው። በአንድ ጀምበር የተነሳ ማነከስ ደግሞ የጉልበት ጅማት መበጠስን ሊያመለክት ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ ሽባነት ከጠባይ ለውጥ፣ ከለሀጭ መዝረብረብና ለመዋጥ ከመቸገር ጋር ሲሆን ነው፤ በተለይ ክትባቱ ያለፈበት ውሻ ከሆነ ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አፉ ውስጥ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ እጅ መክተት አይገባም። ወራት የፈጀው የቦቢ ችግር ይህን አይመስልም፤ ቢሆንም ዓመታዊ ክትባቱ መታደሱን ያረጋግጡ፤ ያረጀ ውሻ ከግቢ ስለማይወጣ ክትባት አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። እኔ ከመድኃኒት በፊት የምጠይቀው ስለ ወለሉ ነው። ሴራሚክ ላይ የሚንሸራተት ውሻ በእያንዳንዱ እርምጃ እግሮቹ እንዳይከፈቱበት ጡንቻውን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዴ ሲወድቅ የታመመው ዳሌ ይለጠጣል፤ ከዚያ በኋላ መነሳቱን ራሱ ይፈራዋል። ሳሎኑን በሙሉ ማልበስ አያስፈልግም፤ ከመኝታው ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ በሩ የሚያልፍበትን መንገድ ብቻ ከሥሩ ጎማ ባለው ምንጣፍ ይሸፍኑለት። ሥሩ ልሙጥ የሆነ ተራ ምንጣፍ ራሱ ስለሚንሸራተት ካለማንጠፍ የከፋ ነው። በምንጣፉና በምንጣፉ መካከል ክፍተት አይኑር፤ የሚፈራ ውሻ አንድ ሜትር ባዶ ሴራሚክ ፊት ቆሞ ይቀራል። ከዚህ ጋር ጥፍሩን ይመልከቱ፦ ቆሞ ሳለ ጥፍሩ ወለሉን የሚነካ ከሆነ ረዝሟል፤ የረዘመ ጥፍር ጣቶቹን ወደ ላይ እየገፋ አረማመዱን ያበላሻል። ጥቁር ጥፍር ውስጡ ያለው የደም ሥር ስለማይታይ በየሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ብቻ መቁረጥ ይሻላል። በመዳፉ ሥር በጣቶቹ መካከል የበቀለውን ጸጉርም ይቁረጡለት፤ ያ ጸጉር መዳፉ ወለሉን እንዳይቆነጥጥ ያደርጋል።

ቀጥሎ መኝታው ነው። ብዙ የግቢ ውሾች በሲሚንቶ ላይ፣ ቢበዛ በጆንያ ላይ ይተኛሉ። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ በክረምት እርጥበቱ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፤ ቦቢ ከክረምት ወዲህ የባሰበት በዚህም ሊሆን ይችላል። ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይግዙ፤ በእጅዎ ሲጫኑት መሬቱ ከተሰማዎት ለ40 ኪሎ ውሻ አይሆንም። ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ሸፍነው በላዩ የሚታጠብ ብርድ ልብስ ያልብሱት፤ ነፋስ በማያገኘው ጥግ፣ ከሲሚንቶው ጥቂት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ያድርጉት። ሌሊት ግቢ ይጠብቃል ብለው ደጅ የሚያሳድሩት ከሆነ ልመናዬ ቢያንስ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጣሪያና ግድግዳ ያለው ማደሪያ እንዲሰጡት ነው፤ ጆሮው ካልደከመ ከዚያም ሆኖ ይጮሃል።

ለ3ቱ ደረጃዎች መወጣጫ ያሠሩ። የደረጃዎቹ ጠቅላላ ቁመት 45 ሳንቲሜትር ቢሆን 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ የማያስፈራ ተዳፋት ይሆናል፤ አጠር ያለ ጣውላ ግን ዳገቱ ስለሚበዛ ከደረጃው አይሻልም። ስፋቱ ከግማሽ ሜትር አይነስ፤ ላዩ ላይ ምንጣፍ ይመታበት። በመጀመሪያ ጣውላውን መሬት ላይ አስተኝተው ቁራጭ ሥጋ እያሳዩ በላዩ እንዲራመድ ካላመዱት በኋላ ወደ ደረጃው ይውሰዱት። እስከዚያ ድረስ ረዘም ያለ ፎጣ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች ከላይ በመያዝ ደረጃውን ሲወጣ ኋላውን ያግዙት። ማንሳት አይደለም፤ ክብደቱን መቀነስ ብቻ ነው።

ስለ ክብደት ከጽሑፌ ሰፊውን ቦታ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከምናውቃቸው ሕክምናዎች ሁሉ ርካሹና ማስረጃው ጠንካራው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ አንድ ረጅም ጥናት 48 የላብራዶር ቡችሎች ከአንድ እናት የተወለዱት ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩ፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ወንድሙ ከሚበላው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየተሰጠው ዕድሜውን ሙሉ ቆየ። ጥቂት የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 2 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ረዘመ፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። ቀድሞውኑ ለሚያነክሱ ወፍራም ውሾችም ከክብደታቸው 6 በመቶ ገደማ ሲቀንሱ አረማመዳቸው እንደሚሻሻል ታይቷል፤ ለ40 ኪሎ ውሻ ይህ 2.4 ኪሎ ብቻ ነው። ቦቢ ወፍራም መሆኑን ለማወቅ ጣቶችዎን ዘርግተው በጎኑ ላይ ያሳልፉ፤ ሳይጫኑ ጎድኖቹ ሊቆጠሩልዎ ይገባል፤ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ወገቡ ሊታይ ይገባል። ካልሆነ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚሆን ፍጥነት ይቀንስ፤ ከዚያ በላይ መፍጠን ጡንቻውን ይበላዋል።

ምግቡ ምን እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ የብዙ ቤት ውሻ የሚበላው ግን የወጥ ትራፊ ያለበት እንጀራና ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባ ነው። የወጣችን መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ደርቆ ሽሮ ውስጥ የገባውም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ወጣት ውሻ ለዓመታት ችሎት ሊኖር ይችላል፤ አቅሙ የቀነሰ አዛውንት ግን ደም ማነሱ ድካሙን ያባብሰዋል። ሳንባና ጉበት ሲሰጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ በደንብ ይቀቀል፤ ውሃ የቋጠሩ እባጮች ያሉበት ጥሬ ሳንባ ውሻው ውስጥ የኮሶ ዓይነት ትል ያበቅላል፤ የትሉም እንቁላል ከውሻው ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል። ስብና ሞራ የሌለው ያለጨውና ያለሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ፣ ከካሮትና ከዱባ ጋር ለቦቢ ይበጀዋል። ለአረጋዊ ውሻ ሥጋ መቀነስ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ኩላሊቱ ታሞ ካልሆነ በስተቀር አልስማማም፤ ጡንቻውን የሚይዝለት ፕሮቲን ነው፤ የሚቀነሰው እንጀራው፣ ሩዙና ስቡ ነው። የተቀቀለ አጥንት ግን ለማንም ውሻ አይሰጥ፤ ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ ደንቡ ጥቂት ጥቂት፣ ግን በየዕለቱ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ በአፈር ወይም በሣር ላይ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ እሁድ እንጦጦ ድረስ ከመሄድ እጅግ ይሻላል። የልኩ ምስክር የማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ከወትሮው የባሰ ተገትሮ ከተነሳ የትናንቱ በዝቷልና በግማሽ ይቀንሱ። ኳስ መወርወርና ማዝለል ይቅር። ቁርስራሽ ምግብ በመስጠት ተቀመጥና ተነሣ ማለት፣ በአንድ ጊዜ 5 ያህል፣ የጭኑን ጡንቻ ለማጠንከር ጥሩ ነው፤ ሲቀመጥ ካመመው ግን ይተውት። ቀን ቀን በሰንሰለት የሚታሰር ከሆነ እባክዎን ይፍቱት፤ ያለ እንቅስቃሴ የሚያልፈው ሰዓት ነው እግሩን የሚያስረው። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው በፎጣ ጠቅልለው ለ10 ደቂቃ ዳሌው ላይ ቢያደርጉለት፣ ከዚያም ጭኑን በመዳፍዎ ቀስ ብለው ቢያሹለት መነሳቱ ይቀለዋል። ሙቀቱን መጀመሪያ በራስዎ ክንድ ይፈትሹት።

ወደ መድኃኒት ስንመጣ፣ ለውሾች የሚታዘዙ ማስታገሻዎች አሉ፤ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ዋነኞቹ ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት የኩላሊትና የጉበት ደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተለይ ቦቢ ከቀድሞው የበለጠ ውሃ የሚጠጣና የሚሸና ከሆነ ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ሜሎክሲካም በሰው ፋርማሲ በ7.5 እና በ15 ሚሊግራም ፍሬ ስለሚገኝ ስሙን ሰምቶ መግዛት ይቀላል፤ ነገር ግን ለ40 ኪሎ ውሻ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚሰጠው የቀን መጠን 4 ሚሊግራም ያህል ስለሆነ ባለ 15ቱ ፍሬ የዚያ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። መጠኑን ሐኪም ያስላ። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ ዴክሳሜታሶን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ይመለከታል። በመርፌ ሲሰጥ ውሻው በማግሥቱ እንደ ወጣት ስለሚነሳ ሰው ይደሰትበታል፤ ሆኖም ለዘለቄታ የሚሆን አይደለም፤ ከማስታገሻዎቹ ጋር ሲደራረብ ደግሞ ጨጓራን ይበሳል። ቦቢ በቅርቡ መርፌ ተወግቶ ከሆነ ምን እንደነበር ይጠይቁና ለሚቀጥለው ሐኪም ይንገሩ፤ በዴክሳሜታሶንና በማስታገሻዎቹ መካከል የጥቂት ቀናት ዕረፍት ያስፈልጋል።

እህትዎ ልላክ ያሉት እንክብል ግሉኮሳሚን ይመስለኛል። ብዙ ጉዳት የለውም፤ ጥናቶቹ ግን ጥቅሙን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አላሳዩም። ገንዘባቸውን ለቦቢ ማውጣት ከፈለጉ ለውሻ የተዘጋጀ፣ ኦሜጋ 3 የያዘ የዓሣ ዘይት የተሻለ ማስረጃ አለው። የኮድ ጉበት ዘይት ግን በምትኩ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ እና ዲ ይከማቻል። ለሰው የተሠራ የሚታኘክ ጣፋጭ እንክብል ከሆነ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት እህትዎ ጽሑፉን ያንብቡ፤ ይህ ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ይጥለዋል። አሜሪካ ውስጥ ስለ ሊብሬላም ሰምተው ይሆናል። በወር አንዴ የሚወጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ አገር የተፈቀደ የመገጣጠሚያ ሕመም መርፌ ነው፤ ብዙ ውሾችን ረድቷል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የነርቭ ችግርን ጨምሮ ስለተመዘገቡ ጉዳቶች ለእንስሳት ሐኪሞች ማሳሰቢያ ጽፏል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት በመሆኑ በሻንጣ የሚላክ ነገር አይደለም።

«አታስጨንቂው» ለሚለው የባለቤትዎ ቃል የምመልሰው ይህ ነው፦ የሚበላ፣ ሰው ሲመጣ የሚጮህና ለመነሳት የሚታገል ውሻ ገና ብዙ ሊደረግለት ይችላል። ጊዜው ሲደርስ የሚታዩት ምልክቶች ሌላ ናቸው፤ ተደግፎም መቆም ሲያቅተው፣ ሕክምናው እያለ ሌሊቱን ሲያቃስት፣ ምግብና ሰው ሲያስጠላው፣ በራሱ ሽንት ውስጥ እየተኛ በክርኑና በዳሌው ላይ ቁስል ሲወጣበትና ዝንብ ሲያርፍበት። ያኔ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ እያገላበጡ፣ እያጠቡና እያደረቁ መንከባከብ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ሐኪም ከፍ ባለ መጠን በሚሰጥ ማደንዘዣ ሳይሠቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ይችላል። በመርዝ ወይም በረሃብ የሚደረገውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ለምርመራ ራጅና የደም ላቦራቶሪ ያለበትን ክሊኒክ ይምረጡ፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ከፍርሃት የተነሳ ማነከሱን ስለሚደብቅ፣ ጠዋት ሲነሳ፣ ከጎንና ከኋላ ሲራመድ በስልክዎ ቀርጸው ይሂዱ። የክትባት ካርዱንና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ፤ ክብደቱንም አስመዝነው ይጻፉት። የሚንሸራተትበትን ወለል ግን ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ያልብሱለት።